ብቻውን ካርታ የሚጫወት ሰውና ኮምፒዩተር

ብቻውን ካርታ የሚጫወት ሰው በተሸነፈ ጊዜ ጥፋቱ የራሱ ይሁን የዕደላው ለማወቅ ይቸገር ነበር፤ ካርታው እንደ ገና ከተበወዘ የቀድሞው ዕደላ ተመልሶ አይገኝምና። ጨዋታው ወደ ኮምፒዩተር መዛወሩ በዚህ ነገር ያመጣውን ለውጥ በፍሪሴል ታሪክ እንመለከታለን።

ፍሪሴልን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕላቶ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ የጻፈው ፖል አልፊል ነው። በዚህ ጨዋታ 52ቱም ካርታዎች ፊታቸው ተገልጦ ስለሚደረደሩ ከተጫዋቹ የተሰወረ ነገር የለም። በኋላም ጂም ሆርን ለዊንዶውስ ሲያዘጋጀው ከ1 እስከ 32,000 ቍጥር የተሰጣቸው ዕደላዎች አኖረበት፤ ስለዚህ ማንም ሰው ቍጥሩን ጠርቶ ያንኑ ዕደላ ደጋግሞ ሊሞክር ቻለ።

ከዚህም የተነሣ በ1994 እና በ1995 ዴቭ ሪንግ በጎ ፈቃደኞችን አሰባስቦ ዕደላዎቹን አከፋፈላቸው። ከአንዱ በቀር ሁሉም ተፈቱ፤ ያልተፈታውም 11982ኛው ነው። ይህም ዕደላ መፍትሔ እንደሌለው መንገዱን ሁሉ በፈተሹ ፕሮግራሞች ተረጋገጠ።

እንግዲህ ካርታውን በመስታወት ላይ ከማሳየት ይልቅ ለዕደላው ቍጥር መስጠቱ የበለጠ ሥራ መሆኑን እንረዳለን። ቍጥር ያለው ዕድል ይመረመራልና፤ በ31,999ኙ የሚሸነፍ ተጫዋችም ዕድሉን ሊያማርር አይገባውም።