የጋብቻ ክልከላ በኢትዮጵያ

የጋብቻ ክልከላ ሁለት ሰዎች በዝምድና፣ በሃይማኖት፣ በዕድሜ ወይም በማኅበራዊ ደረጃ ምክንያት እንዳይጋቡ የሚያግድ ደንብ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሕግ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሸሪዓና የየብሔረሰቡ ልማድ የየራሳቸውን ወሰን አበጅተዋል። ተጋቢዎችን በተግባር የሚያግዳቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመንግሥቱ ሕግ አይደለም።

በሰሜንና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል በሚኖረው ክርስቲያን ገበሬ ዘንድ ዋናው አጥር ሰባት ቤት፣ ማለትም እስከ ሰባት ትውልድ የሚቆጠር ዝምድና፣ ነው። ሽማግሌ ተልኮ ልጅቱ ስትጠየቅ፣ ስለ ጥሎሽና ስለ ሠርግ ቀን ከመነጋገር በፊት ዘር ይቆጠራል። የሁለቱም ወገን አዋቂዎች አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ አንድ ስም ከሁለቱም በኩል ከተጠራ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ዝምድና በእናትም በአባትም ስለሚቆጠር ሥራው ከባድ ነው። አንድ ሰው ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ የተደጋገመ ሰው ከሌለ፣ በሰባተኛው ላይ ብቻ 128 ቅድመ ወላጆች ይኖሩታል። ያን ሁሉ ስም የሚይዝ የለም። ስለዚህ ጋብቻን የሚያፈርሰው የታወሰው ዝምድና ሲሆን የተረሳው ሳይነካ ያልፋል።

የቤተ ክርስቲያኑ የጽሑፍ ምንጭ ፍትሐ ነገሥት ነው። መጽሐፉን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፃዊው የቅብጥ ሊቅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ አጠናቀረው፤ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደሆነ ይተረካል። ስለ ጋብቻ የሚናገረው አንቀጽ 24 ከሥጋና ከጋብቻ ዝምድና ሌላ በክርስትና የተገኘን መንፈሳዊ ዝምድናና ከማያምን ጋር መጋባትንም ይከለክላል። መንፈሳዊው ዝምድና በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ሥር ሰድዷል፤ ክርስትና ያነሳና የልጁ ወላጆች አበልጅ ስለሚሆኑ በመካከላቸው ጋብቻ ነውር ነው። ካህናት ደግሞ ይበልጥ ጥብቅ ሥርዓት አለባቸው፦ ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ማግባት አለበት፤ ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ሌላ ካገባ ክህነቱን ያጣል።

በእስልምና የአጎትና የአክስት ልጆች መጋባት ይችላሉ። ክልክል የሚሆነው ከአንድ ጡት የጠቡትን ማጋባት፣ እኅትማማቾችን በአንድ ጊዜ ማግባትና ሙስሊም ሴትን ሙስሊም ላልሆነ ወንድ መዳር ነው፤ ሙስሊም ወንድ ግን ክርስቲያን ወይም አይሁዳዊት ማግባት ይፈቀድለታል። በአፋር ዘንድ አብሱማ የሚባለው ልማድ ወንዱ የአክስቱን ልጅ እንዲያገባ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ሰባት ቤት ለሚቆጥር የጎጃም ሽማግሌ ይህ ሊታሰብ የማይችል ነው። ቦረናዎች ደግሞ ሳቦና ጎና በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች የተከፈሉ ሲሆን፣ አንዱ ክፍል ከሌላው እንጂ በውስጡ አይጋባም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 አደረገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አድርጎ፣ የሥጋ ዝምድና ክልከላውን እጅግ አጠበበው። ወላጅና ተወላጅ እንዳይጋቡ ከመከልከሉ በቀር ወንድ እኅቱንና አክስቱን፣ ሴት ወንድሟንና አጎቷን እንዳታገባ ብቻ ያግዳል። ሰባት ቤት የሚያወግዛቸው የአጎት ልጆች በክብር መዝገብ ሹም ፊት ቢቀርቡ ሕጉ አይከለክላቸውም። በሌላ በኩል የሚስትን እኅት ወይም የባልን ወንድም ማግባት ስለተከለከለ፣ የሟች ወንድምን ሚስት የመውረስ ልማድ ከሕጉ ጋር ይጋጫል። ሕጉ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፣ ክልሎች የራሳቸውን ያወጣሉ። በጋብቻ ላይ ጋብቻ መፈጸም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል፤ ሕግ እውቅና በሰጠው ሃይማኖት ወይም ልማድ የተፈጸመው ግን ከቅጣቱ ውጭ ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 በዘር፣ በብሔር ወይም በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግ የመጋባትን መብት ያውጃል። ሆኖም በየትኛውም ሕግ ያልተጻፈው አጥር ከሁሉም የጠነከረ ሳይሆን አይቀርም። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቆዳ ፋቂውን ቡዳ ናቸው ብሎ የሚሸሽ ገበሬ ማረሻውን ከእነሱ ይገዛል፣ ልጁን ግን አይድርላቸውም። በከፋ ማንጆ የሚባሉት ሰዎች በተመሳሳይ ሁኔታ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ከመጋባት ተገልለው ኖረዋል።

የጋብቻ ክልከላው ከአገር የወጡትንም ተከትሏል። ቤተ እስራኤላውያን የሚባሉት የኢትዮጵያ አይሁዳውያን ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሰባት ትውልድ የመቁጠሩን ልማድ ይዘው ሄዱ፤ የአይሁድ ሕግ ግን የአጎት ልጆችን አይከለክልም። እንቅፋቱ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣው ሕግ መሠረት የአይሁዳውያን ጋብቻና ፍቺ በረቢዎች ፍርድ ቤት እጅ ነው፤ በአገሪቱ ውስጥ የሲቪል ጋብቻ አይፈጸምም። ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ማኅበረሰቡ አይሁዳዊ መሆኑን ቢወስኑም፣ ዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት በአይሁዳዊነታቸው ላይ ያለውን ጥርጣሬ ለማስወገድ በሚል ተጋቢዎች ውኃ ውስጥ እንዲጠመቁ ጠየቀ። ጥያቄውን አይሁዳዊነታቸውን እንደ መካድ የቆጠሩት ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ1985 ኢየሩሳሌም በሚገኘው ጽሕፈት ቤት ፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። በኋላ የናታንያው ረቢ ዳዊድ ሸሉሽ ያለ ጥምቀት ያጋቧቸው ጀመር፤ ከሌላ ከተማ የመጡ ብዙ ጥንዶችም እሳቸው ዘንድ ተመዝግበዋል።