532 (ቁጥር)

532 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ትምህርት፣ ማለትም በባሕረ ሐሳብ፣ «ዐቢይ ቀመር» የሚባለው የዓመታት ዑደት ልክ የሆነ ሙሉ ቁጥር ነው። ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ ወደሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮች ሲተነተን 2×2×7×19 ይሆናል፤ 12 አካፋዮች ሲኖሩት፣ ከራሱ በቀር ያሉት ሲደመሩ 588 ስለሚሆኑ ከቁጥሩ ይበልጣሉ።

የዑደቱ ምሥጢር 19×28=532 መሆኑ ነው። የጨረቃ ልደት በየ19 ዓመቱ (ንዑስ ቀመር) ወደ ቀድሞ ቀኑ ሲመለስ፣ 7ቱ ዕለታትና 4ቱ ወንጌላውያን ዘመናት ደግሞ በ28 ዓመት ይገጥማሉ፤ 19ና 28 ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ሁለቱ ዑደቶች ከ532 ዓመት በፊት በአንድነት አይገናኙም። 76 ዓመት የሆነው ማዕከላዊ ቀመርም 7 ጊዜ ሲደጋገም 532ን ይሞላል።

532 በባለ አምስት ጎን ቅርጽ ከሚደረደሩ ነጥቦች ብዛት 19ኛው ነው፤ ስሌቱ 19×56÷2 ሲሆን፣ 56 ለ2 ሲካፈል ያው 28 ይወጣል። ግጥምጥሞሹ የቀመሩ ምክንያት ባይሆንም ለተማሪ ሊታይ የሚገባው ውበት አለው።

በ2017 ዓ.ም. ላይ 5500 ሲደመር 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል፤ ይህ ለ532 ሲካፈል 14 ደርሶ 69 ስለሚተርፍ፣ ዓመቱ የ15ኛው ዐቢይ ቀመር 69ኛ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ 12 ቀን የተከበረው ፋሲካ በ1485 ዓ.ም. በዚያው ቀን ውሎ ነበር፤ በ2549 ዓ.ም.ም በዚሁ ቀን ይውላል።