ሰዓት ሲደመር ቅዝቃዜ ሲዘለል፦ ኤም-50 የኩሽኔታ ብረትና የሆሎሞን–ጃፍ ቀመር

መቀሌ ውስጥ የአንድ ወርክሾፕ ምድጃ 540 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሳለ መብራት ጠፋ እንበል። ሁለት ሰዓት ሊቆይ የገባው የኩሽኔታ ቀለበት አንዱን ሰዓት ብቻ ቆይቷል። መብራት ሲመጣ የቀረችውን ሰዓት መጨመር ይበቃል? ሆሎሞንና ጃፍ እ.ኤ.አ. በ1945 ያወጡት ቀመር ይበቃል ይላል። እኔ ግን በመካከል የሆነውን ሳላውቅ አልፈርምም።

ስለ ብረቱ ብዙ ማለት አያሻም። ኤም-50 0.8 በመቶ ካርቦን፣ 4 በመቶ ያህል ክሮሚየም፣ ትንሽ የሚበልጥ ሞሊብዲነምና 1 በመቶ ቫናዲየም አለው፤ በጄት ሞተር ዋና ዘንግ ላይ እስከ 300 ዲግሪ አካባቢ ጥንካሬውን ይጠብቃል። ከ1,100 ዲግሪ ገደማ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ማርተንሳይት ይሆናል፤ ከፊሉ ኦስተናይት እንደሆነ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ዳግም ማሞቁ፣ ማለትም ቴምፐሪንጉ፣ ከ500 ዲግሪ ሲያልፍ ሲሜንታይቱ ለደቃቅ የሞሊብዲነምና የቫናዲየም ካርባይዶች ቦታ ይለቅቃል። እስከዚህ ከማንም ጠብ የለኝም።

ጠቡ ከቀመሩ ጋር ነው። ቀመሩ በኬልቪን የተለካውን ሙቀት በ20 እና በሰዓቱ ሎጋሪዝም ድምር ያባዛል። በዚያው 540 ዲግሪ ስድስት ሰዓት በአንድ ትንፋሽም ሆነ ሁለት ሁለት ሰዓት ሦስት ጊዜ፣ ውጤቱ ያው 16,900 ገደማ ነው። ታዲያ የሙያው ሰዎች ይህን ብረት ለምን ደጋግመው ያሞቁታል? ካርባይዱ ከቀሪው ኦስተናይትም ስለሚወጣ ነው። ካርቦኑን የተነጠቀው ኦስተናይት ምድጃው ውስጥ እንዳለ ይቆያል፤ የሚለወጠው ሲቀዘቅዝ ነው። ዲላቶሜትር ላይ ይህ በዓይን ይታያል፦ ቀጥ ብሎ ሲወርድ የነበረው የርዝመት መስመር ክፍል ሙቀት ሳይደርስ ይሰበርና ወደ ላይ ይቀናል። ያ አዲስ ማርተንሳይት ነው፤ ገና ጥሬ፣ ካርባይድ ያልወጣለት። ሁለተኛው ሙቀት የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። ቀመሩ ለዚህ ስብራት ቦታ የለውም።

ልዩነቱ በሮክዌል የጥንካሬ ልኬት አይታይም የሚል ይኖራል። ላይታይ ይችላል፤ ኩሽኔታ ግን የሚነክሰው በማይክሮን ነው፤ ቀሪው ኦስተናይት ሥራ ላይ ሲለወጥ ቀለበቱ ያብጣል። ከዜሮ በታች ማቀዝቀዝ ደጋግሞ ማሞቁን ይተካል ለሚሉም፣ እሱ የሚወልደውም ያው ጥሬ ማርተንሳይት ነው። ሁለቱ ሊቃውንት የሞከሩት በተራ የካርቦን ብረት ስለሆነ ጥፋቱን በእነሱ ላይ አልጥልም፤ ሁሉም ቅይጥ እንደ ኤም-50 ነው ማለቴም አይደለም።

ወደ ምድጃው እንመለስ። መብራት ሲመጣ ቀለበቱ 400 ዲግሪ ላይ ከነበረ አንድና አንድ ሁለት ነው። በእጅ የሚያዝ ሆኖ ከነበረ ግን አንድ ዙር አልቋል፤ የሚጀመረው ሁለተኛው ነው። መዝገቡ ላይ የተጻፈው ሰዓቱ ብቻ ከሆነ ይህን ከየት እናገኘዋለን?