የዶምቢር ዘመንና የጠመንጃ አስተማማኝነት

ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በባሌ የተካሄደውን አመፅ ብዙ የአገሬው ሰው «የዶምቢር ጦርነት» እያለ ያስታውሰዋል። ዶምቢር የጠመንጃ ስም ነው። ጦርነት በመሪው ወይም በዋለበት ሜዳ ሲጠራ የተለመደ ሲሆን፣ በመሣሪያ መጠራቱ ግን ጠመንጃ በዚያ ዘመን ምን ያህል ይታሰብበት እንደነበር ያመለክታል።

ዋቆ ጉቱ መሣሪያ ፍለጋ ወደ ሶማሊያ ማቅናታቸው የታወቀ ነው። በአገሪቱ ገጠር ይገኙ የነበሩት ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግና የጣሊያኑ ካርካኖ ከ1928–1933ቱ ወረራ የተረፉ ወይም ከዚያ የቀደሙ ነበሩ። ካርካኖ ስድስት ጥይት የሚጎርሰው በቀጭን ማቀፊያ ተይዞ ነው፤ የመጨረሻው ጥይት ሲገባ ማቀፊያው በሥር ይወድቃል። ተኳሹ ከሣር ውስጥ ለቅሞ ካላነሣው ስድስት ጎራሹ በተግባር አንድ ጎራሽ ይሆናል። ቤልጅግን ግን በጣት እየተጫኑ አምስቱንም ማጉረስ ይቻላል። በአፈሙዝ ጥራት ብቻ የሚፈርድ ሰው ይህችን ቆርቆሮ ይረሳታል።

የአየሩም ጠባይ ቀላል አልነበረም። ከጎባ በስተደቡብ ያለው የሰነቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ያደረ ብረት ጭስና እንፋሎት ወዳለበት ቤት ሲገባ ጤዛ ያወጣል፤ ዝገትን ለመከላከል የተቀባው ስብ ደግሞ በብርድ ረግቶ የመምቻውን ፍጥነት ይቀንሳል።

ከሁሉ የከበደው የጥይቱ ጉዳይ ነበር። በሌላው ዓለም ራሱን ለመጠበቅ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው፣ ሳይታጠቀው በፊት ሁለት መቶ ያህል ጥይት ተኩሶ እንዲፈትነው ይመከራል። ጥይት ብርቅ በሆነበት አገር ይህ ምክር አይሠራም፤ የተፈተነ ጥይት ያለቀ ጥይት ነውና። ከአንድ ሣጥን የወጣ ከሆነ ጥቂቱን ተኩሶ ስለ ቀሪው መፍረድ ይቻላል፤ በአሜሪካ ርዳታ የመጣውን ኤም ዋን የያዘ የመንግሥት ወታደር ይህ ጭንቀት እምብዛም አልነበረበትም። በልዩ ልዩ ዓመት የተሠራ፣ ከልዩ ልዩ እጅ የተገኘ ጥይት በአንድ ዝናር ሲደረደር ግን የአንዱ መተኮስ ስለ ጎረቤቱ የሚመሰክረው የለም።

አሮጌ ጥይት አንዳንዴም ከተመታ በኋላ ዘግይቶ ይፈነዳል። ከሸፈ ብሎ መቀርቀሪያውን ፈጥኖ የሳበ ሰው ፍንዳታውን በፊቱ ይቀበላል። የተኩስ ልምምድ ደንብ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቅ ይላል፤ በሐረና ደን ጥሻ ከባላጋራው ጋር ድንገት ለተገናኘ ታጣቂ ግን ያን ያህል ጊዜ የሚሰጠው አልነበረም።