የምጽዋት ልማድና የራያ ረኃብ

የቆቦ ሜዳ በምሥራቅ ከዞብል ተራራ፥ በምዕራብ ከላስታ ደጋ መካከል የተዘረጋ ቆላ ነው። አፈሩ ለማሽላና ለጤፍ እጅግ የተመቸ ነው፤ ዝናም በጊዜው ከጣለ የገበሬው እኽል ከቤቱ አልፎ ለእንግዳና ለድኻ ይበቃል። ምጽዋቱም በልማድ የጸና ነበረ። ክርስቲያኑ በተዝካርና በሰንበቴ፥ እስላሙም በዘካና በሰደቃ ነዳያንን ያበላ ነበረ። ድኻው ወደ ደጃፍ ይመጣል፥ ባለቤቱም ከጐተራው ይሰጣል። ነገር ግን ይህ መልካም ሥርዓት አንድ ድካም ነበረበት፤ ይኸውም ዝናም ባገር ኹሉ ላይ በቀረ ጊዜ መጽዋቹ ራሱ ተመጽዋች መኾኑ ነው።

ይህ አስቀድሞ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ክፉ ቀን በተባለው ዘመን ታይቷል። በሬ በበሽታ አልቆ እርሻ በቆመ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ዶማ ይዘው እስከ መቈፈር ደረሱ።

በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የክረምቱ ዝናም ጐደለ፤ በ1965 ዓ.ም. በልጉ ቀረ። የራያና የቆቦ ገበሬ ከብቱን ሸጠ፥ ቤቱን ትቶ ከደሴ ወደ መቀሌ በሚያልፈው መንገድ ዳር ቆመ፤ አውቶቡስና የጭነት መኪና እያስቆመ እንጀራ ለመነ። እጅግ የሚያሳዝነው፥ ከወሎ እኽል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ የነበረ መኾኑ ነው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ይህን መርምሮ፥ ረኃብተኛው ያጣው የሚገዛበትን ገንዘብ ጭምር እንደ ኾነ ጽፏል።

በወንጌል የተነገረው አልዓዛር በባለጸጋው ደጃፍ ተኝቶ ነበርና ባለጸጋው አላየሁም ሊል አይችልም። የራያ ሰው ግን የባለጸጎቹ ደጃፍ ሩቅ ስለ ኾነበት መንገድ ዳር ወጥቶ ታየ። መንገደኛው ካለው ቈርሶ ሰጠ፤ ሹሙ ግን አይቶ ነገሩን ሸሸገ። በዚያን ጊዜ ከእንጀራ ይልቅ የጐደለው ምጽዋት ምስክርነት ነበረ። ይህንንም የሰጡት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው፤ ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አሳዩ። ቀጥሎም የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በአገሩ ታየ፤ ከዚያ በኋላ ርዳታው በረከተ። የሞቱት ቍጥር እንደ ገማቾቹ ይለያያል፤ ዝቅተኛው 40,000፥ ከፍተኛው 200,000 ነው። ያው ፊልም ንጉሠ ነገሥቱ ከመንግሥታቸው በወረዱበት ዋዜማ፥ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ በአዲስ አበባ በቴሌቪዥን ታየ። ለአዛኝነት ሳይኾን ለክስ የታየ መኾኑ ግን አይዘነጋም።

ከሳሾቹም ከዐሥር ዓመት በኋላ በዚያው ድካም ወደቁ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ለአብዮቱ በዓል አዲስ አበባ ስታጌጥ፥ ከአላማጣ በላይ ባለችው በኮረም ደጋ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። የቆላው ሰው በስስ ልብሱ ከረኃቡ ጋር ብርድ ተጨመረበት። ጥቅምት 13 ቀን የሚካኤል በርክና የመሐመድ አሚን ፊልም በእንግሊዝ ከታየ በኋላ ዓለም ተነሣ፤ የኦርቶዶክስ፥ የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናትም በየድርጅታቸው እኽል አከፋፈሉ። ስንዴውን ሲቀበል ሃይማኖቱን የተጠየቀ አልነበረም። ከሞት የተረፈው ገበሬ ግን ወደ ሜዳው ሲመለስ በሬውም ዘሩም አልነበረውም።