ሳንሱር ወይስ ‹‹የቅድሚያ ምርመራ››? ከ‹‹ፋቡላ›› እስከ ‹‹ኦሮማይ››

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ጥናታችን ውስጥ ‹‹ሳንሱር›› ብዙ ጊዜ የሚጠራ፣ ፍቺው ግን እምብዛም የማይመረመር ቃል ነው። የመመረቂያ ጽሑፎችን በማማክርባቸው ዓመታት እንደታዘብኩት፣ ተማሪዎቻችን በዚህ ረገድ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ገሚሱ ረቂቁ የተመለሰበትን ደራሲ ሁሉ ‹‹ሳንሱር ተደረገ›› ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ የመርማሪው ማኅተም ካልታየ በቀር ሳንሱር የለም ባይ ነው። ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የትኛው ሥራ ታገደ፣ የትኛውስ አንባቢ አጥቶ ቀረ እያልን የምንጽፈው ታሪክ በዚሁ ፍቺ ላይ የቆመ ነውና።

ሕጉ የያዘው ፍቺ ጠባብ ነው። በጥቅምት ወር የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሳንሱርን አስቀረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29ም የቅድሚያ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ከለከለ። እዚህ ላይ ‹‹ቅድሚያ›› የምትለዋ ቃል ልብ ልትባል ይገባታል። የምትወስነው ጊዜን ነው፤ ከኅትመት ወይም ከትርኢት በፊት የሚደረገውን ብቻ ታመለክታለች። ለሕግ ባለሙያ ይህ ይበቃው ይሆናል፤ ከኅትመት በኋላ ያለውን ፍርድ ቤት ያየዋል ይላልና። ለሥነ ጽሑፍ ታሪክ ጸሐፊ ግን አይበቃም። ለምን ቢባል፣ በእገዳ ስማቸው ዘወትር የሚነሳው ዋና ዋና ሥራዎቻችን በዚህ ፍቺ ውስጥ አይገቡም።

የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ከሆነው ከተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ‹‹ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ›› እንነሳ። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት ደራሲ እንስሳትን ገጸ ባሕርያት አድርገው የዘመኑን አስተዳደር ብልሹነት ተቹ፤ ተውኔቱም በ1910ዎቹ በአዲስ አበባ ለመኳንንቱ ታየ። ንግሥት ዘውዲቱ አገዱት። ተውኔት ራሱ ለአገሩ እንግዳ በነበረበት ጊዜ ተውኔት የሚመረምር መሥሪያ ቤት ሊኖር አይችልም፤ ቅድሚያ የመረመረም አልነበረም። እገዳው ግን ከአንድ ተውኔት አልፎ ዘርፉን በሙሉ ነካ፤ መድረኩ መልሶ የተከፈተው እስከ 1923 ዓ.ም. ንግሥ በዓል ከቆየ በኋላ ነው። (በዚያው ዓመት የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኚሁ ተክለ ሐዋርያት መሆናቸው በራሱ አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

የአቤ ጉበኛ ‹‹አልወለድም››ም እንዲሁ ነው። በ1955 ዓ.ም. ታትሞ ለገበያ ወጣ፤ ጥቂት መቶ ቅጂዎች ከአንባቢ እጅ ከገቡ በኋላ ቀሪው ተለቀመ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንግግርንና የፕሬስን ነጻነት ‹‹በሕግ መሠረት›› ያረጋገጠ ነበር። በወረቀት ላይ የጎደለ ነገር አልነበረም ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረን የበዓሉ ግርማ ‹‹ኦሮማይ›› ነው። በዓሉ ውጭ ቆሞ የሚጮኽ ደራሲ አልነበረም፤ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ነበር። የቀይ ኮከብ ዘመቻን አስመራ ላይ ሆኖ በዓይኑ አይቷል። ልብ ወለዱም በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነው የታተመው። እንግዲህ መጽሐፉ በዚያ ዘመን ማለፍ የሚገባውን በር ሁሉ አልፎ መደብር ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከየመደብሩ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። ‹‹ሳንሱር የቅድሚያ ምርመራ ነው›› የሚለውን ፍቺ ይዘን ብንሄድ፣ ‹‹ኦሮማይ›› ሳንሱር ያለፈ መጽሐፍ ነው ልንል ነው! ይህን ሐረግ ክፍል ውስጥ ስናገረው ተማሪዎች ይስቃሉ፤ ቢሆንም ከፍቺው በቀጥታ የሚገኝ ድምዳሜ ነው።

ሰፊውን ፍቺ የያዙትም ቢሆኑ ከችግር አያመልጡም። አሳታሚ የመለሰው፣ የቴያትር ቤት ገምጋሚ ኮሚቴ ያልወደደው ሁሉ ሳንሱር ከተባለ፣ ደካማ ድርሰት የጻፈ ሁሉ ሰማዕት ይሆናል። በእኔ አመለካከት መለኪያው ጊዜው ሳይሆን በሩ ነው፤ ይኸውም አንዱ በር ሲዘጋበት ደራሲው የሚሄድበት ሌላ በር አለው ወይ የሚለው ነው። በደርግ ዘመን ትልልቆቹ ማተሚያ ቤቶችም ሆኑ ዋናው አሳታሚ በመንግሥት እጅ ነበሩ። በዚያ ሁኔታ የአርታኢው ‹‹አይሆንም›› የአንድ ግለሰብ የጣዕም ፍርድ ብቻ ሊሆን አይችልም። ያው ቃል አሳታሚ በበዛበት ከተማ ሲነገር ግን ተራ የንግድ ውሳኔ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ የተለመደ አባባል ላንሳ። ‹‹ሳንሱር ሰምና ወርቅን አሳደገልን›› ይባላል። እኔ አልቀበለውም። ሰምና ወርቅ ከቅኔ ቤት የመጣ፣ ከማንኛውም መርማሪ መሥሪያ ቤት በብዙ የቀደመ ጥበብ ነው። ደግሞም ይህ አባባል አልፎ የወጣውን ብቻ ቆጥሮ፣ ደራሲው ገና ሳይጽፈው የተወውን ይረሳል።

ወደ ሕጉ ስመለስ፣ ክፍተቱ ከ1985 በኋላም አልተደፈነም። አዋጅ ቁጥር 590/2000፣ በ2013 ዓ.ም. በወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ እስኪተካ ድረስ፣ ታትሞ ሊሠራጭ የተቃረበ መጽሐፍ ለብሔራዊ ደኅንነት አስጊ ነው ከተባለ ዐቃቤ ሕግ እንዲያግደው ይፈቅድ ነበር። ከኅትመት በኋላ ስለሆነ ‹‹ቅድሚያ›› አይደለም፤ ከአንባቢ በፊት ግን ነው።

በፍቺዬ የሚያስቸግረኝ የሙዚቃው ነው። የቴዎድሮስ ካሳሁን ‹‹ያስተሰርያል›› በ1997 ዓ.ም. ሲወጣ ካሴቱ በየሱቁ ይሸጥ ነበር፤ የርዕሱ ዘፈን ግን በመንግሥት ሬዲዮና ቴሌቪዥን አይሰማም ነበር። አንዱ በር ክፍት ነው። ሆኖም በዚያ ዓመት በአገሪቱ የግል ሬዲዮ ጣቢያ ስላልነበረ፣ የአየር ሞገዱ በር አንድ ብቻ ነበር። እኔ ይህን ሳንሱር እለዋለሁ። ‹‹የፕሮግራም ምርጫ ነው›› የሚሉኝ የትምህርት ክፍላችን ባልደረቦች አሉ፤ የተጻፈ ትእዛዝ እንዳሳያቸውም ይጠይቁኛል። ‹‹ፋቡላ››ን ያሳገደውን የተጻፈ ትእዛዝ ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም።