አዋሽን እስከ መጨረሻው

ከአዋሽ ከተማ እስከ ሰመራ ዛሬ በአስፋልት የአንድ ቀን መንገድ ነው። በ1926 ዓ.ም. ግን ባሕር የማይደርሰውን የአዋሽን ወንዝ መጨረሻ በዓይኑ ለማየት ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ የተነሣው፣ አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ በዚሁ ሸለቆ ወራት ፈጅቷል።

ግመልና ስንቅ ማሰናዳቱ ቀላሉ ሥራ ነበር። ገና ጥቂት እንደ ተጓዘ መንግሥት ለደኅንነቱ ሠግቶ ስለ መለሰው፣ እንደገና ፈቃድ እስኪያገኝ ሳምንታት ባከኑ። ከሁሉ የከበደው ግን አውሳ ነበር። በ1868 ዓ.ም. ሙንዚንገር ፓሻ የግብፅን ጦር አስከትሎ ወደዚያ ቢዘልቅ፣ እርሱም ብዙዎቹ ወታደሮቹም ተገድለዋል። የቴሲጀርም ዘበኞች ጠመንጃ ይዘው ነበር፤ አገሩን ያሻገረው ግን ከሱልጣን መሐመድ ያዮ ፊት ቀርቦ ያገኘው ፈቃድ ነው። ወንዙንም ተከትሎ አቤ ሐይቅ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ታጁራ ወረደ።